«ሰጡት» ወይስ «ሸጡት»? የቤት ኮምፒውተር ሙቀት፣ ድምፅና የካዛንቺስ የቃል ታሪክ

(በትምህርት ክፍላችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል ከቀረበው የተገለበጠ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሁለት ሦስት ሰዎች በመተላለፊያው አስቁመውኝ «የታሪክ ትምህርትንና የኮምፒውተር ማራገቢያን ምን አገናኛቸው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ የቃል ታሪክ የምንሰበስብ ሰዎች ስለ ጠያቂው ሥነ ምግባር፣ ስለ ተጠያቂው ትዝታ፣ ስለ ምንጭ ሂስ ብዙ ጽፈናል። ቃሉን እየሰማን በምንጽፍበት ክፍል ውስጥ ሌላ ምን ድምፅ እንደነበረ ግን አንጽፍም። እኔም አልጻፍኩም ነበር። በዚህም የተነሣ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ቀርቶብኛል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ጥያቄና በጥያቄውና በእኔ መካከል ስለገባች አራት ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላላት ማራገቢያ ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። ጸጥ ያለ ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ማራገቢያውን ከመነካካቱ አስቀድሞ ሙቀቱን መመርመር ይገባዋል፤ ድምፁ የሚመጣው ከሙቀቱ ነውና። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ዕዳውን በሌላ መንገድ ይከፍላል። እኔ የከፈልኩት በመዝገብ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የአገራችንን ጉዳይ ስጠቅስ ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የውጭውን ዓለም ስጠቅስ እ.ኤ.አ. እላለሁ።

ቦታውና ግድግዳው

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ጣሊያን አገራችንን ይዞ በቆየበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ የሚያሠራ «ኢንቺስ» በሚል ምሕጻረ ቃል የሚጠራ ተቋም ነበረው። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው አንደበት ሁለቱን ቃላት አጋብቶ ካዛንቺስ አደረጋቸው። ጣሊያን ወጣ፤ ቤቶቹ ቀሩ፤ በቤቶቹ ዙሪያና መካከልም የጭቃ ቤቶች እየበዙ ሄዱ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በከተማችን ተቋቋመ፤ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽም በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ገቡ። ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ይህ ሰፈር እንግዲህ ዓለም አቀፍ አዳራሽና አንድ ግድግዳ የሚጋሩ የጭቃ ክፍሎች በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ የሚገናኙበት ቦታ ሆኖ ኖረ።

ኮምፒውተርም ወደዚህ አካባቢ በሁለት በር ነው የገባው። በኮሚሽኑ ግቢ ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ «ፓዲስ» በሚል ምሕጻረ ቃል የታወቀው የአፍሪካ የሰነድና የመረጃ ሥርዓት ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን በየትኛውም ተቋም ቢሆን ትልቅ ኮምፒውተር የራሱ ክፍል፣ የራሱ አየር ማቀዝቀዣ፣ የራሱ በር ነበረው፤ በሩ ሲዘጋ ጩኸቱ ከበሩ ጋር ይዘጋል። ሁለተኛው በር የመኖሪያ ቤት በር ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ለአገራችን ሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ባሉት ዓመታት ኮምፒውተር ቀስ በቀስ ወደ ሳሎንና ወደ መኝታ ክፍል ገባ። እዚያ ግን ለብቻው የሚዘጋበት በር አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ስሠራ ካዛንቺስ ውስጥ በአንዲት እናት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የእኔን ክፍልና የእሳቸውን መኝታ የሚለየው ጋዜጣ የተለጠፈበት የጭቃ ግድግዳ ነው። በዚያ ግድግዳ በኩል የእሳቸውን ጸሎት እኔ እሰማለሁ፤ የእኔን ኮምፒውተር እሳቸው ይሰማሉ። ኮምፒውተሬ ያገለገሉ ዕቃዎች ተገጣጥመው የተሠራ ነበር። ማዘርቦርዱ አንድ ትንሽ ፉጨተኛ ማራገቢያ በቺፕሴቱ ላይ ተሸክሟል፤ ከበላዩ የቀድሞ ባለቤቱ ለጨዋታ የገዛው ረጅም ግራፊክስ ካርድ ተጋድሟል፤ እሱም የራሱ ማራገቢያ አለው። አንድ ጠዋት እማማ ቡና እያፈሉ፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገርሽ እንቅልፍ የለውም እንዴ?» አሉኝ። ስድብ አልነበረበትም። ሌሊቱን ነቅተው ማደራቸውን በትሕትና መንገራቸው ነበር።

መብራት የጠፋበት ሌሊት

ሥራዬ የካዛንቺስን አዛውንት ቃል መቅዳት ነበር። 11 ሰዎችን በካሴት ቀድቻለሁ። ባዶ ካሴት ለመግዛት አቅሜ ውሱን ስለነበር አንዱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ሳበቃ በዚያው ካሴት ላይ ቀጣዩን ሰው እቀዳለሁ።

ከአዛውንቱ አንዱ በልጅነታቸው ከኢንቺስ ቤቶች በአንዱ ግቢ ያደጉ ሰው ነበሩ። አባታቸው የግቢው አትክልተኛ ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በግቢው ጓሮ የነበረችው ቤት እንዴት የአባታቸው እንደሆነች ሲነግሩኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ እኔም «ቤቲቱን ለአባቴ ሰጡት» ብዬ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ቴፑ በአጠገቡ ይጫወታል፣ እኔ እየሰማሁ እተይባለሁ።

በአንዱ ሌሊት መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ጸጥ አለ። ቴፑ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ሻማ አብርቼ ያቆምኩበትን ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ መልሼ ከፈትኩት። አዛውንቱ «ቤቲቱን ለአባቴ ሸጡት» አሉ። ደግሜ ከፈትኩት። «ሸጡት»። ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ ሰማሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ፤ ማሽኑ ተነሣ፤ ያንኑ ቦታ እንደገና ከፈትኩት። ቃሉ ተመልሶ ጭጋግ ውስጥ ገባ፤ «ሰጡት» ብል ይሆናል፣ «ሸጡት» ብል ይሆናል።

ልዩነቱ የአንድ ፊደል ነው፤ ለታሪክ ሰው ግን ትልቅ ነው። የተሰጠ ቤት ውለታ ነው፤ ሰጪ፣ ተቀባይና ምስጋና አለው። የተሸጠ ቤት ውል ነው፤ ዋጋ፣ ምስክርና ወረቀት ይኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ማን ምን እንደተነጠቀ ለማወቅ ለሚሞክር ጥናት ሁለቱ አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

በማግስቱ ያደረግኩትን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። የኮምፒውተሩን ኬዝ ከፈትኩ፤ ከሁሉም ይልቅ የምትጮኸውን የቺፕሴቷን ማራገቢያ ሽቦዋን ነቀልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እማማም በግድግዳው ማዶ «ተመስገን» ሲሉ ሰማሁ። በሦስት ሌሊት የአዛውንቱን ካሴት ጨምሮ አራት ካሴቶች ወደ ሃርድ ዲስኩ ገለበጥኩ፤ የእያንዳንዱን ቅጂ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሰምቼ «ደኅና ነው» አልኩ፤ ካሴቶቹን ይዤ ወጥቼ ሌሎች ሰዎች ቀዳሁባቸው። በአራተኛው ቀን ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንደገና ሲነሣ አራቱም ፋይሎች ከመካከላቸው የተበጣጠሱ፣ የሚንጫጩ ሆነው ተገኙ።

የወሰድኩበት ጥገና ባለሙያ ጣቱን ቺፕሴቱ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሣ። «ፋኗን የነቀላት ማነው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት። ወደ ዲስኩ የሚሄደው መረጃ ሁሉ በዚያች ቺፕ በኩል እንደሚያልፍ፣ ከመጠን በላይ ስትግል መረጃውን እያበላሸች ማሳለፍ እንደምትችል አስረዳኝ። ወደ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ፤ በአንድ ጥያቄ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። የለቅሶው ድንኳን ከተነሣ ሳምንት አልፎታል።

ነፋሱ ከየት መጣ

ከዚህ በኋላ እንደ ልማዳችን የጉዳዩን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ለካስ በእኔ ጠረጴዛ ላይ የደረሰው ነገር ረጅም የዘር ሐረግ አለው።

ኮምፒውተር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉም ማለት ይቻላል መጨረሻው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ከ17,000 በላይ የቫኩም ቱቦዎች ነበሩት፤ ወደ 150 ኪሎ ዋት ኃይል ይወስድ ነበር፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ከባድ ነፋሻዎች ተገጥመውለታል። ትራንዚስተር ሲመጣ ሙቀቱ ቀነሰ፤ ማሽኑም አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ ፕሮሰሰር ምንም ማቀዝቀዣ ሳይጫንበት እርቃኑን ይሠራ ነበር፤ ነፋስ የነበረው በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ብቻ ነው። ያለ ነፋስ ለመኖር የሞከሩም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው አፕል ሦስት ያለ ማራገቢያ ተሠርቶ በሙቀት ችግር ስሙ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽም ማራገቢያ አልነበረውም። ጸጥታን የመሻት ነገር እንግዲህ የትናንት ቅንጦት አይደለም፤ ከቤት ኮምፒውተር ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ አንድ ሕግ አስቀመጡ። ትራንዚስተር እያነሰ ሲሄድ ቮልቴጁም አብሮ ከቀነሰ በአንድ ካሬ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት እንዳለ ይቆያል የሚል ነው። ኢንዱስትሪው ለ30 ዓመት ያህል በዚህ ጥላ ሥር ኖረ። በተግባር ግን ፍጥነት ከሕጉ በላይ ይገፋ ስለነበር ሙቀቱ መውጣቱ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1993 የፔንቲየም ዘመን ጀምሮ ፕሮሰሰር ላይ ማራገቢያ መጫን የተለመደ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ቮልቴጁ ከዚያ በታች አልወርድ አለ፤ ሕጉም አበቃ። ኢንቴል ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ፍጥነትን ብቻ ያሳድድ የነበረውን ቴጃስ የተባለ ፕሮሰሰር ሳይወጣ ሰርዞታል። የእኔ ኮምፒውተር የዚያ ዘመን ልጅ ነበር፤ ሙቀት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰበት፣ ሙቀትን በጸጥታ የማስወገድ ዘዴ ግን ገና ያልተስፋፋበት ዘመን።

ሁለቱ አስቸጋሪ ቦታዎች

በቤት ኮምፒውተር ውስጥ ፕሮሰሰሩ ሰፊ ቦታ ስላለው ትልቅ ሂትሲንክና ትልቅ ማራገቢያ ይችላል። ሂትሲንክ የምንለው ሙቀትን ከቺፑ ተቀብሎ በብዙ ቀጫጭን ክንፎቹ ለአየር የሚያስረክበውን ብረት ነው። ጭቅጭቁ ያለው ቺፕሴቱና ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው።

ቺፕሴት የማዘርቦርዱ አውቶቡስ ተራ ነው፤ በፕሮሰሰሩ፣ በዲስኩ፣ በድምፅና በኔትወርክ ክፍሎች መካከል የሚመላለሰው መረጃ የሚሳፈርበትና የሚወርድበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የኢንቪዲያ ኢንፎርስ 4 ሥራውን ሁሉ በአንድ ቺፕ ላይ ሰበሰበው፤ ሙቀቱም አብሮ አንድ ቦታ ተሰበሰበ። ቺፑ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ የተቀመጠው ግራፊክስ ካርዱ በሚጋደምበት ቦታ ሥር ነው። ከፍ ያለ ሂትሲንክ ቢጫን ካርዱን ይነካል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ዝቅ ያለች ሂትሲንክና ትንሽ ማራገቢያ ጫኑ። ትንሽ ማራገቢያ በቂ ነፋስ ለመስጠት በጣም መፍጠን አለባት፤ የፈጠነች ደግሞ ትጮኻለች።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። 40 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ብትዞር በሰከንድ 100 ዙር ነው። ሰባት ክንፍ ካላት በሰከንድ 700 የክንፍ ምት ታወጣለች፤ ይህም 700 ኸርዝ ነው። ስልክ የሰውን ንግግር የሚያስተላልፍበት ወሰን ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ድረስ እንደነበር አስታውሱ፤ ፉጨቷ የተቀመጠችው በሰው ንግግር መካከል ነው። አሁን 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያን እንውሰድ። በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ በሰባት ክንፍ፣ ምቱ 93 ኸርዝ ያህል ነው፤ ከንግግሩ ወሰን በታች ወረደ። ነፋሱስ? የአንድ ዓይነት ቅርጽ ያላቸው ማራገቢያዎች በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሱት አየር ከስፋታቸው ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ስፋቱ ሦስት እጥፍ ከሆነ በአንድ ዙር 27 እጥፍ አየር ይገፋል። ፍጥነቱ በ7.5 ቢያንስም ከትንሿ 3.6 እጥፍ የበለጠ አየር ይቀርለታል። የአንድን ማራገቢያ ፍጥነት በግማሽ መቀነስ ድምፁን በግምት በ15 ዴሲቤል ያወርዳል። ትልቅና ዘገምተኛ ከትንሽና ፈጣን የሚሻለው በዚህ ስሌት ነው።

ከፉጨቱ ሌላ የነፋሱ ሹክሹክታ አለ፤ እሱ በአንድ ድምፀት ላይ አይቆምም፤ ሰፊ ወሰን ይሸፍናል። «ሰ»ን ከ«ሸ» የሚለየውም በጥርስና በምላስ መካከል የሚወጣው ትንፋሽ የሚሰራጭበት ወሰን ነው፤ የ«ሸ» ትንፋሽ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ የ«ሰ» ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ሁለቱም ከ2,000 ኸርዝ በላይ ባለው ሰፈር ይኖራሉ። ካሴት በተፈጥሮው በዚያው ሰፈር ይሻክራል። የካሴቱ ሻካራነትና የማሽኑ ነፋስ በተደራረቡበት ክፍል ውስጥ የአንድ አዛውንት «ሸ» ወደ «ሰ» ብትቀየርብኝ አያስደንቅም።

ወደ ግራፊክስ ካርዱ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጂፎርስ ኤፍ.ኤክስ. 5800 አልትራ በጩኸቱ ስመ ጥር ከመሆኑ የተነሣ የሠሪው ኩባንያ ሠራተኞች ራሳቸው ካርዱን ቅጠል መንፊያ አድርገው የሚቀልዱበት ፊልም ሠርተዋል። መፍትሔው የመጣው ከሌላ ሳይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሎስ አላሞስ ጆርጅ ግሮቨር የሠራው የሙቀት ቱቦ፣ ሂት ፓይፕ የምንለው፣ በታሸገ ቱቦ ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ይይዛል። ፈሳሹ በጋለው ጫፍ ይተናል፣ በቀዘቀዘው ጫፍ ተመልሶ ጠል ይሆናል፤ በዚህ ምልልስ ሙቀትን ያለ ሞተር ያጓጉዛል። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የኮሪያው ዛልማንና ሌሎችም ይህን ቱቦ ተጠቅመው ያለ ማራገቢያ የሚሠሩ የግራፊክስ ካርድ ማቀዝቀዣዎችን ገበያ ላይ አዋሉ። ጥቅሙ ከካርዱ አቀማመጥ ጋርም ይያያዛል። በቁም ኬዝ ውስጥ የካርዱ ቺፕ ፊቱን ወደ ታች ያዞራል፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ካርዱ ራሱ ጣሪያ ይሆንበታል። ቱቦው ሙቀቱን አዙሮ ከካርዱ ጀርባ ወዳሉ ክንፎች ያወጣዋል።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ሥራ ሲቀል ማራገቢያቸውን ፈጽመው የሚያቆሙ ካርዶች ተለመዱ። ይሁንና ታሪክ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኤ.ኤም.ዲ. ኤክስ 570 ቺፕሴትን ሲያወጣ ፈጣኑን አራተኛ ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ በመሸከሙ ሙቀቱ ጨመረ፤ በማዘርቦርዶቹ ላይም ያቺው ትንሽ ማራገቢያ ተመልሳ መጣች። ያለ ማራገቢያ የሚሠሩት ሰሌዳዎች የተስፋፉት ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው።

የቀጠነው አየር

እስካሁን የነገርኳችሁ የዓለም ታሪክ ነው። አዲስ አበባ የራሷን ምዕራፍ ትጨምራለች። ካዛንቺስ ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ ከባሕር ዳርቻ አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። ውኃ በከተማችን 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላ ለመብሰል እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ምክንያቱ የዚያው የአየር መቅጠን ነው። ሙቀትን ተሸክሞ የሚወጣው የአየሩ ክብደት ስለሆነ፣ በባሕር ዳርቻ ሦስት ቁና አየር የሚወስደውን ሙቀት እዚህ ለማውጣት አራት ቁና ያስፈልጋል። በሙቀት መጠን የሚታዘዝ ማራገቢያም እዚህ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ይበልጥም ይጮኻል። ያለ ማራገቢያ የሚሠራ ሂትሲንክም ከዚህ አያመልጥም፤ በማሸጊያው ላይ የተጻፈለት አቅም ለእኛ ከፍታ ትንሽ መቀነስ አለበት።

የሚክስ ነገርም አለን። ክፍላችን ቀዝቃዛ ነው፤ በተለይ ሌሊቱ። ወደ ሂትሲንኩ የሚገባው አየር ከቆላ ከተማ አየር በ10 ዲግሪና ከዚያም በላይ የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የመቅጠኑን ጉዳት በከፊል ይመልሳል። አቧራው ግን ምሕረት የለውም። የመንገዱ አቧራ ከከሰልና ከዕጣን ጢስ ጋር ሲገናኝ በክንፎቹ መካከል ተጣብቆ እንደ ጨርቅ ይሆናል። ብዙ ነፋስ የሚስብ ማሽን ብዙ አቧራ ይስባል።

ምርጫው

ወደ ጥገና ባለሙያው ልመለስ። ማዘርቦርዱ ከሞት ተርፎ ነበር። ሦስት መንገድ አቀረበልኝ። አንደኛው የነበረችውን ዓይነት ትንሽ ማራገቢያ መልሶ መጫን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን አቧራ ገብቶባት ዘይቷ ሲደርቅ መንጫጫቷ አይቀርም። ሁለተኛው ከፍ ያለች ባለ ክንፍ ሂትሲንክ ያለ ማራገቢያ መጫን ነው፤ ይህን ፈለግኩ፤ ለክቶ ሲያየው ግን ግራፊክስ ካርዱን ይነካል። ሦስተኛውን የነገረኝ በጥያቄ ነው። «ለመሆኑ በዚህ ካርድ ምን ትሠሪበታለሽ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የምሠራው መተየብና ካሴት መገልበጥ ብቻ ነው። ለጨዋታ የተሠራው ካርድ ያለ ሥራ በሌሊት ሙቀት ያመርታል፤ ሙቀቱ በቺፕሴቱ ላይ ያርፋል፤ የሁለቱን ሙቀት ለማውጣት ሁለት ማራገቢያዎች ይጮኻሉ፤ በግድግዳው ማዶ እማማ ነቅተው ያድራሉ።

ካርዱን ሰጥቼ አጠር ያለና ማራገቢያ የሌለው ደካማ ካርድ ለወጥኩ። ቦታ ሲለቀቅ ከፍ ያለችው ሂትሲንክ ገባች። ባለሙያው የደረቀውን ተርማል ፔስት በጥንቃቄ ጠርጎ ስስ ሽፋን ቀባ፤ የሂትሲንኩ ክንፎች በቁም እንዲሆኑ፣ የሞቀው አየር ወደ ላይ መውጫ እንዲያገኝ አድርጎ ገጠማት። በኬዙ ጎን ሁለቱንም የሚደርስ አንድ 120 ሚሊ ሜትር ማራገቢያ ጨመረ። የ12 ቮልቱን ማራገቢያ በ12 እና በ5 ቮልት መሥመሮች መካከል በማገናኘት በ7 ቮልት ቀስ ብሎ እንዲዞር አደረገው፤ ይህ ዘዴ ለሁሉም ፓወር ሰፕላይና ለሁሉም ማራገቢያ አይስማማም፤ ዛሬ ፍጥነቱን ከማዘርቦርዱ ማስተካከል ይሻላል። ከዚያም ማሽኑን ቀኑ በሚሞቅበት ከሰዓት በኋላ በከባድ ሥራ ግማሽ ሰዓት አቆይቶ የሙቀቱን ቁጥር አየ፤ በጣቱም ዳሰሰ፤ ጣቱን አላነሣም።

የምርጫውን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። የቺፕሴቱን ጸጥታ ያስገኘው ስለ ግራፊክስ ካርዱ የተወሰነው ውሳኔ ነው። በመጀመሪያ «ስንት ሙቀት ያስፈልገኛል?» ተብሎ ተጠየቀ፤ ቀጥሎ ሰፊ ብረት ተፈለገ፤ በመጨረሻ ዘገምተኛ ነፋስ ተጨመረ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ተለካ። እኔ ከመጨረሻው ጀምሬ ነበር፤ ነፋሱን አቆምኩ፣ ሙቀቱን ግን እንዳለ ተውኩት፣ አልለካሁትምም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ከፍተኛ የጨዋታ ካርድ እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ የአንድ ሺህ ዋት የኤሌክትሪክ ምድጃ ግማሽ ሊሆን ምንም ያህል አልቀረውም። እንዲህ ያለ ካርድ ለሚያስፈልገው ሰው ትልልቅ ሂትሲንክና ሰፊ ኬዝ አለለት። ለማያስፈልገው ሰው ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማቀዝቀዣ ካርዱን አለመግዛት ነው።

መዝጊያ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ የተከራየሁባት ክፍልም አብራ ሄደች። እማማ ከዚያ አስቀድሞ ዐርፈዋል። ያ ጓሮ፣ ያ የጭቃ ግድግዳ፣ ከቀዳኋቸው 11 ሰዎች የአብዛኞቹ ቤት ዛሬ በካርታ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሰፈሩ ሲኖር የጠፋ ካሴት በሌላ ጎረቤት ቃል ሊጠገን ይችል ነበር፤ ጎረቤታሞቹ ከተበተኑ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቅጂ ምትክ የለውም።

ከመካከላችሁ አሁን በየኮንዶሚኒየሙ እየሄዳችሁ የቀድሞ የካዛንቺስ ነዋሪዎችን የምትቀዱ ተማሪዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ ሦስት ነገር እላለሁ። የምትሰሙበት ማሽን ጸጥ ያለ ይሁን፤ ጸጥታውን ግን ሙቀቱን በመቀነስ ፈልጉት፣ ሽቦ በመንቀል አትፈልጉት። ቅጂውን እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ ዋናውን አታጥፉ። በጽሑፋችሁ የግርጌ ማስታወሻም ቃሉን በምን ሁኔታ እንደሰማችሁት፣ ያልለየላችሁም ቃል ካለ እንዳልለየላችሁ ጻፉ።

እኔ ያን የጻፍኩት ዘግይቼ ነው። የአዛውንቱን ቃል በሻማ ብርሃን ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ «ሸጡት» ይለኛል። ነገር ግን ማስረጃው በእጄ የለም፤ ማንም መጥቶ ሰምቶ ሊፈርድልኝ ወይም ሊፈርድብኝ አይችልም። ስለዚህ በመመረቂያ ጽሑፌ ገጽ ግርጌ «ሰጡት ወይም ሸጡት፤ ቅጂው በአጥኚዋ ጥፋት ጠፍቷል» የሚል አንድ መሥመር አለ። ከመላው ጽሑፌ እርግጠኛ ሆኜ የምቆምለት መሥመር እሱ ነው።

 ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።